ፓስት ቴንስ (ያለፈ ጊዜ) ላይ ነጥብ የምትጥሉባቸው ቦታዎች፦ ምልክት፣ መንስኤ፣ መፍትሄ

ድሬዳዋ ውስጥ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ለፈተና እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ከሳቢያን የሚመጣውም፣ ከከዚራ የሚመጣውም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሐረር የሚወርደውም ይዞት የሚመጣው ስህተት ያው ነው። ቨርብ ዋን (መነሻው ግስ)፣ ቨርብ ቱ (ያለፈ ጊዜው)፣ ቨርብ ስሪ (ከ«ሃቭ» ጋር የሚሄደው) ምን እንደሆኑ ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው። «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» ብሎ መውረድ የሚያቅተው ካለ መጀመሪያ እሱን ይሸምድድና ይመለስ።

ምልክት፦ «ሂ ዲድ ኖት ዌንት» ብላችሁ ትመርጣላችሁ

መንስኤው አማርኛችን ነው። «ሄደ» ስናፈርሰው «አልሄደም» ይሆናል፣ ግሱ ያለፈ ጊዜውን አይለቅም። እንግሊዝኛ ላይ ግን ያለፈ ጊዜውን «ዲድ» ወስዶታል፣ ስለዚህ ከኋላው የሚመጣው ሁልጊዜ ቨርብ ዋን ነው፦ «ዲድ ኖት ጎ»። ጥያቄ ላይም እንደዚያው፣ «ዲድ ዩ ጎ» ነው። «ዲድ» ካያችሁ ቨርብ ቱ የያዘውን ምርጫ ወዲያው ሰርዙት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ጥያቄው የሚጠይቀው ስለ አድራጊው ከሆነ «ዲድ» አይገባም። «መስኮቱን ማን ሰበረው?» ለማለት «ሁ ብሮክ ዘ ዊንዶው?» ነው፣ «ሁ ዲድ ብሬክ» አይደለም።

ምልክት፦ «የስተርደይ» ወይም «አጎ» ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ተቀምጦ እያያችሁት «ሃዝ» ወይም «ሃቭ» ያለበትን ትመርጣላችሁ

አቦ፣ ይሄን ነው በደንብ እንድታነቡት የምፈልገው። ሌላው ሁሉ ተደምሮ የዚህን ያህል ነጥብ አይወስድም። ሰነፍ ተማሪ ብቻ ነው የሚሳሳተው ብላችሁም እንዳታስቡ። ፊዚክስና ሒሳብ ላይ የሚያስደንቁ ልጆች እዚህ ሲደርሱ ይወድቃሉ።

ጥያቄው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚመጣው፦ «ሺ ባዶ ቦታ ኸር ሆምወርክ ቱ አወርስ አጎ»። ምርጫዎቹ «ሃዝ ፊኒሽድ»፣ «ፊኒሽድ»፣ «ሃድ ፊኒሽድ»፣ «ፊኒሽስ»። ልጁ በልቡ ይተረጉመዋል፦ «የቤት ስራዋን ከሁለት ሰዓት በፊት ጨርሳለች»። «ጨርሳለች» ደግሞ ትምህርት ቤት «ሃዝ ፊኒሽድ» ተብሎ ነው የተተረጎመለት። በቃ፣ የመጀመሪያውን ያጠቁራል፣ ጥርጣሬም አይገባውም። መልሱ ግን «ፊኒሽድ» ነው።

አንዱ ተማሪዬ ስህተቱን ስነግረው «አቦ ቲቸር፣ በአማርኛ እኮ ልክ ነው» ብሎ ተከራከረኝ። እውነቱን ነው። «አባቴ ትናንት ከጅቡቲ መጥቷል» ብንል ማንም አያርመንም፣ «ትናንት መጣ» ብንልም ማንም አያርመንም። አማርኛ ሁለቱንም ይፈቅዳል። እንግሊዝኛ ግን አይፈቅድም፣ ያለቀ ጊዜ ከተጠራ «ሃዝ» እና «ሃቭ» ይወጣሉ። «ማይ ፋዘር ኬም የስተርደይ» ብቻ።

መፍትሄው መተርጎም ማቆም ነው። ምርጫዎቹን ከማየታችሁ በፊት ዓረፍተ ነገሩን «መቼ?» ብላችሁ ጠይቁት። ያለቀ፣ የተዘጋ ጊዜ ከመለሰላችሁ (ትናንት፣ ባለፈው ሳምንት፣ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ2006) ቨርብ ቱ ነው። ካልመለሰ፣ ወይም እስካሁን ያልተዘጋ ጊዜ ከመለሰ፣ ያኔ «ሃዝ» እና «ሃቭ»ን አስቡ።

ዓመተ ምሕረት ስታዩ ደግሞ ቁጥሩን ብቻ አትዩ፣ ከፊቱ ያለችውን ትንሽ ቃል እዩ። ዩኔስኮ የሐረር ጀጎልን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በፈረንጆቹ 2006 ነው። «ዩኔስኮ ሊስትድ ጀጎል ኢን 2006» ትላላችሁ፣ ምክንያቱም ምዝገባው የተፈጸመው ያን ዓመት ነው፣ አለቀ። «ጀጎል ሃዝ ቢን ኦን ዘ ሊስት ሲንስ 2006» ትላላችሁ፣ ምክንያቱም ዛሬም መዝገቡ ላይ አለ። ቁጥሩ አንድ፣ «ኢን» እና «ሲንስ» ግን መልሱን ገለበጡት።

«ሲንስ» ራሱ ሌላ ወጥመድ አለው። ከኋላው ሙሉ ሐሳብ ከመጣ እዚያ ውስጥ ያለው ግስ ቨርብ ቱ ይሆናል፦ «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ሲንስ አይ ዋዝ ኤ ቻይልድ»። «ሲንስ» አየሁ ብሎ ሁለቱም ቦታ «ሃቭ» የሚሰካ ተማሪ አያልቅም።

«ፎር» ደግሞ ከሁለቱም ጋር ይሄዳል፣ ስለዚህ «ፎር ካለ ሃቭ ነው» የሚለውን ሸምድዳችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ጣሉት። አንዷ ተማሪዬ ስለ አያቷ ስትጽፍ፣ ሰውዬው ምድር ባቡር ሰላሳ ዓመት ሰርተው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ «ሃዝ ወርክድ ፎር ተርቲ ይርስ» አለች። እንዲህ ከተባለ አያትየው ዛሬም ስራ ላይ ናቸው ማለት ነው። «ወርክድ ፎር ተርቲ ይርስ» ስትል ነው ስራው ያለቀው። ፈተና ላይ ይህ ሲመጣ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር አንብቡ። «ዜን ዊ ሙቭድ ቱ ድሬዳዋ» የሚል ከተከተለ የበፊቱ ቤት ኑሮ ተዘግቷል፣ «ሊቭድ» ነው።

ጊዜ የሚጠራ ቃል ጭራሽ የሌለበትም አለ። ባለታሪኩ የሞተ ሰው ከሆነ ሕይወቱ ራሱ የተዘጋ ጊዜ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ሐረር ኖሯል፣ ያረፈው በፈረንጆቹ 1891 ነው። በአማርኛ «ኖሯል» አልን፣ በእንግሊዝኛ ግን «ራምቦ ሊቭድ ኢን ሐረር» እንጂ «ሃዝ ሊቭድ» አይባልም።

«ዲስ ሞርኒንግ» ላይም ተጠንቀቁ። ተናጋሪው ገና ጠዋት ላይ ካለ «ሃቭ» ይሄዳል። ከሰዓት ወይም ማታ ሆኖ እያወራ ከሆነ ጠዋቱ አልፏልና ቨርብ ቱ ነው። በ«ዌን» የሚጀምር ጥያቄም ስላለፈ ነገር ከሆነ «ዌን ዲድ ዩ ካም» እንጂ «ዌን ሃቭ ዩ ካም» አይሆንም፣ «መቼ» ማለት የተዘጋ ጊዜ መጠየቅ ነውና።

በዚህ ጉዳይ የምናደደው በወረቀቶቹ ነው። ከየቴሌግራሙ ተለቃቅሞ፣ ማንም ሳያርመው ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሸጥ ሞዴል ፈተና አለ። አንዷ ልጅ የዚህ ዓይነት ወረቀት መልሱን ሙሉ በሙሉ ሸምድዳ መጣች። «አጎ» ያለባቸው ጥያቄዎች ላይ ሁሉ «ሃዝ» ተብሎ ነው የተመለሰው! ያንን ከጭንቅላቷ ማስወጣት አዲስ ትምህርት ከማስተማር በላይ ከበደኝ። እባካችሁ፣ መልስ ብቻ ያለበትን፣ ለምን እንደሆነ የማያስረዳ ወረቀት በገንዘባችሁ አትግዙ። መልሱን ከማመናችሁ በፊት «መቼ?» ብላችሁ ራሳችሁ ፈትሹት። ፈተና ክፍል ገብታችሁ የምትጠይቁት ሰው የለም።

ልምምዱ ቀላል ነው። ማታ ማታ ቀን የሰራችሁትን አምስት ነገር በእንግሊዝኛ ጻፉ፣ ሁሉም ላይ ሰዓቱን ወይም ቀኑን ጨምሩ። ከዚያ ያንኑ ጊዜውን አውጥታችሁ በ«ሃቭ» ጻፉት። ልዩነቱ እጃችሁ ላይ እስኪገባ ድረስ ቀጥሉ።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

«ሂ ፑት» ካለ እና «ኤስ» ከሌለው ያለፈ ጊዜ ነው፣ «ካት» እና «ሪድ»ም እንዲሁ።

«ፋውንድ» አገኘ ነው፣ «ፋውንድድ» ደግሞ መሰረተ። ድሬዳዋ በፈረንጆቹ 1902 ባቡሩ ሲደርስ «ዋዝ ፋውንድድ» እንጂ «ዋዝ ፋውንድ» አይደለችም።

ሁለት ያለፉ ድርጊቶች ተከታትለው «ባይ ዘ ታይም» ካለ የቀደመው «ሃድ» ይወስዳል።

«ዋይል» ካያችሁ ከኋላው አብዛኛውን ጊዜ «ዋዝ» ወይም «ወር» ከ«አይንግ» ጋር ነው፣ ድንገት የገባው ድርጊት ቨርብ ቱ።

«ኢት ኢዝ ታይም ዊ ዌንት ሆም» (ወደ ቤት የምንሄድበት ሰዓት ደርሷል) ላይ «መቼ?» የሚለው ጥያቄ አይሰራም፣ ቨርብ ቱ ቢሆንም ያለፈ ነገር አይናገርም። «ኢት ኢዝ ታይም» ተከትሎት አድራጊ ከመጣ ቀጥታ ቨርብ ቱን ምረጡ።