ለኤርፖርት ባለሙያዎች በሙያ መጽሔት ስታስተዋውቁ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቢሾፍቱው አዲስ ኤርፖርት ወሬ ከተሰማ ወዲህ ለኤርፖርት መሸጥ የሚፈልግ ብዙ ሰው አገኛለሁ። ሶፍትዌር የሚሠሩ አሉ። የጽዳት አገልግሎት፣ የብረታ ብረት ሥራ፣ የአቅጣጫ ሰሌዳ፣ የማቀዝቀዣ መጋዘን የሚሠሩም አሉ። አራት ማኮብኮቢያ ኖሮት በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታቀደ ኤርፖርት ሲባል ማን አይጓጓም?

ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «በአንድ የኤርፖርት መጽሔት ላይ ማስታወቂያ እናውጣ»። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ዘርፉ የራሱ የሙያ መጽሔቶች አሉት። ለብዙ ዓመታት የዓለም የኤርፖርቶች ማኅበር፣ ማለትም የኤሲአይ መጽሔት ሆኖ የቆየው ኤርፖርት ወርልድ አለ። ፓሴንጀር ተርሚናል ወርልድና ኢንተርናሽናል ኤርፖርት ሪቪው አሉ። ገጽ መግዛት ቀላል ነው። ገጹ ላይ ምን እንደሚወጣ ማወቅ ነው ከባዱ።

ይህን መጽሔት የሚያነበው ሰው ያስገዛው ነገር ቢበላሽ የሚጠየቅ ሰው ነው። የቢሮ ወንበር ቢሰበር ሌላ ይገዛል፣ አለቀ። የማኮብኮቢያ መብራት ቢጠፋ ግን በረራ ይስተጓጎላል፣ ሪፖርት ይጻፋል፣ ስሙም እዚያ ሪፖርት ላይ ይሰፍራል። ስለዚህ ማስታወቂያ ሲያይ በሆዱ የሚጠይቀው «ይሄን ገዝቼ ነገ ምን ብዬ መልስ እሰጣለሁ?» ብሎ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች በዚህ ሰው ዓይን ተመልከቷቸው።

መንገደኛውን ማናገር

በጣም የተለመደው ይሄ ነው። ፈገግ ያለች ወጣት ሻንጣ እየጎተተች፣ ከጀርባዋ ፀሐይ ስትጠልቅ። ከላይ «የጉዞን ደስታ እናድሳለን» የሚል ጽሑፍ። አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ የአየር መንገዱን መጽሔት ለሚያገላብጥ ተሳፋሪ ቢሆን ያስኬድ ነበር። የተርሚናል ኃላፊ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ዕቃው ለመግጠም ስንት ቀን ይፈጃል? ተርሚናሉ ሳይዘጋ መግጠም ይቻላል? መለዋወጫው ከየት ነው የሚመጣው? አሁን ካለን ሲስተም ጋር ይሠራል?

ከእነዚህ አንዷን ርዕሱ ላይ መልሱ። «ተርሚናሉ ሳይዘጋ በሌሊት ፈረቃ የሚገጠም» የሚል ርዕስ ውበት የለው ይሆናል። ያ ኃላፊ ግን ገጹን ሳይገልጥ ይቆማል፤ ምክንያቱም ተርሚናል መዝጋት ለእሱ ቅዠት ነው።

ኤርፖርትን እንደ አንድ ሰው ማየት

«ለኤርፖርቶች» ብሎ መጻፍ ለማንም አለመጻፍ ነው። የእሳት አደጋ ኃላፊው የሚያስበው ስለ ደቂቃ ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ የአይካኦ፣ አባሪ 14 (ስለ ኤርፖርቶች ያወጣው መስፈርት) እንደሚለው የእሳት አደጋ ቡድኑ የማኮብኮቢያው ማንኛውም ቦታ ላይ ከ3 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ መድረስ አለበት። 2 ደቂቃ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ለዚህ ሰው መኪና የሚሸጥ ድርጅት ስለ «ማራኪ ዲዛይን» ካወራ ቦታውን በከንቱ ጨረሰው። የንግድ ክፍል ኃላፊዋ ከእያንዳንዱ መንገደኛ የሚገኘውን ገቢ ነው የምታሰላው። የአይቲው ሰው ሲስተሙ ሌሊት ቢቆም ማን ስልክ እንደሚያነሳ ማወቅ ይፈልጋል። አንዱን ምረጡና ለእሱ ጻፉ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘልሉት ነገር አለ። ገዢው ራሱ ከአገር አገር ይለያያል። እኛ አገር ከ2017 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ኤርፖርቶቹም አየር መንገዱም በኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ሥር ናቸው። አሜሪካ ስትሄዱ ደግሞ ትልልቆቹ ኤርፖርቶች ብዙ ጊዜ የከተማ አስተዳደር ንብረት ናቸው፤ የአትላንታውም የዴንቨሩም እንደዚያ ነው። የለንደኑ ሂትሮው የግል ኩባንያ ነው። ዱባይ ላይ ሻንጣ የሚጭነውና አውሮፕላን የሚገፋው ዲናታ የሚባል ድርጅት ነው፤ ኤርፖርቱን የሚያስተዳድረው ሌላ ነው። የራምፕ፣ ማለትም አውሮፕላን ቆሞ የሚጫንበት ሜዳ፣ መሣሪያ እየሸጣችሁ ለኤርፖርት ባለቤቱ ካስተዋወቃችሁ፣ ዕቃውን ፈጽሞ የማይገዛውን ሰው ነው ያናገራችሁት። ማስታወቂያ ከመሠራቱ በፊት «ይሄን ዕቃ እዚያ አገር ማን ነው የሚገዛው?» ብሎ መጠየቅ ከዲዛይነር ክፍያ ይቀድማል።

ፎቶው ላይ መሸነፍ

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። ስንትና ስንት ጥሩ ማስታወቂያ የሚሞተው እዚህ ነውና።

የኤርፖርት ሰው ፎቶ ሲያይ አስቀድሞ የሚያየው ስህተቱን ነው። ቀኑን ሙሉ ሥራው እሱ ነው። ራምፕ ላይ የቆመው ሠራተኛ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሷል? አውሮፕላኑ ቆሞ ከሆነ ጎማው እንዳይንከባለል የሚደረገው ማገጃ የት አለ? ክንፉና ሞተሩ አጠገብ ኮን ተቀምጧል? ከኮንቴይነሩ ሥር የሚታየው ያ ላስቲክ ምንድን ነው? ለእናንተ ላስቲክ ነው። ለእሱ ሞተር ውስጥ ሊገባ የሚችል ባዕድ ነገር ነው። በ2000 ፓሪስ ላይ የኮንኮርድ አውሮፕላን ሲከሰከስ መነሻው ከሌላ አውሮፕላን ወድቆ ማኮብኮቢያው ላይ የቀረ የብረት ቁራጭ ነበር። ብረቱ ጎማውን ቀደደው፣ የጎማው ስብርባሪ ክንፉን መታው፣ ነዳጅ ፈስሶ እሳት ተነሣ፤ 113 ሰው ሞተ። ይህን ታሪክ በሥልጠና የሰማ ሰው ፎቶው ላይ መሬት የወደቀ ነገር ካየ ሌላውን አያይም።

መብራትም እንዲሁ ነው። የማኮብኮቢያ ጠርዝ መብራት ነጭ ነው፤ ወደ መጨረሻው ቢጫ ይሆናል። ሰማያዊው የታክሲዌይ፣ ማለትም አውሮፕላኑ ወደ ማኮብኮቢያው የሚሄድበት መንገድ፣ ጠርዝ ነው። አረንጓዴው የታክሲዌይ መሐል መስመር ነው። ዲዛይነሩ ለውበት ብሎ የማኮብኮቢያውን ጠርዝ ሰማያዊ ካደረገው፣ ያውም መብራት ለሚሸጥ ድርጅት፣ የኤርፊልድ መሐንዲሱ ገጹን ለጎረቤቱ ያሳየዋል። ለመግዛት ግን አይደለም።

ፎቶ ግራና ቀኙ ሲገለበጥም ይታያል። የአውሮፕላኑ ምዝገባ ፊደል ተገልብጦ ይነበባል። ለባሕረ ሰላጤ ኤርፖርት በሚቀርብ ዕቃ ላይ በረዶ የሚጠረግበት ፎቶ ማውጣትም አለ። መፍትሔው ውድ አይደለም። ፎቶው ከመላኩ በፊት ራምፕ ላይ የሠራ አንድ ሰው ይየው። ቦሌ ግራውንድ ሃንድሊንግ ላይ የሠራ ወንድም ወይም እህት የማታውቁ ከሆነ የሚያውቅ ሰው አታጡም። አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም።

ማስረጃ የሌለው ተስፋ

«አስተማማኝ»፣ «ዘመናዊ»፣ «ቀዳሚ»፣ «የዓለም ደረጃውን የጠበቀ»። እነዚህ ቃላት ይህ አንባቢ ላይ አይሠሩም። ምክንያቱ ትዕቢት አይደለም፣ ዘርፉ በተስፋ የተቃጠለ ስለሆነ ነው።

ዴንቨርን እንውሰድ። አዲሱ ኤርፖርት በ1993 መጨረሻ ይከፈታል ተብሎ ነበር። ሻንጣውን ሁሉ በራሱ የሚያጓጉዝ ሲስተም ይኖረዋል ተባለ። በ1994 ጋዜጠኞች ተጠርተው ሲስተሙ ሲታይ ሻንጣዎች ተቀደዱ፣ ልብሱ መሬት ላይ ተበተነ። ኤርፖርቱ 16 ወር ዘግይቶ በፌብሩዋሪ 1995 ተከፈተ፤ ሲስተሙን እስከ መጨረሻው ይጠቀምበት የነበረው ዩናይትድ አየር መንገድም በ2005 ተወው። በርሊን ደግሞ ለጁን 2012 የመክፈቻ ቀን ተቆርጦ፣ አንድ ወር እንኳ ሳይቀረው ተሰረዘ። ዋናው ችግር የእሳት መከላከያና የጭስ ማስወገጃ ሲስተሙ ነበር። በመጨረሻ የተከፈተው ኦክቶበር 31፣ 2020 ነው። እነዚህ ሁለት ስሞች በማንኛውም የኤርፖርት ፕሮጀክት ስብሰባ ላይ ሳይነሡ አይቀሩም።

እንዲህ ዓይነት ሰው የሚያምነው ቦታና ቁጥር ነው። የት ተገጠመ? ከመቼ ጀምሮ እየሠራ ነው? በቀን ስንት ሻንጣ፣ ስንት መንገደኛ ያስተናግዳል? ስልክ ደውሎ ሊጠይቀው የሚችል ደንበኛ አላችሁ? አንድ ትንሽ የክልል ኤርፖርት ላይ ሁለት ዓመት ያለችግር የሠራ ዕቃ ካላችሁ እሱን ጻፉ። ትንሽ ነው ብላችሁ አትፈሩ። ከባዶ «የዓለም ደረጃ» ይሻላል።

አንድ ጥንቃቄ፦ የደንበኛን ስምና አርማ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አታውጡ። ብዙ ኤርፖርቶች በውላቸው ይከለክላሉ። ዕቃችሁን የሚወድ ደንበኛ በዚህ አንድ ነገር ሊቀየማችሁ ይችላል።

«በአይካኦ የተረጋገጠ» ማለት

ይሄን የሚጽፉት አብዛኞቹ በቅንነት ነው፤ ግን ስህተት ነው። አይካኦ ለዕቃ የምስክር ወረቀት አይሰጥም። መስፈርት ያወጣል፣ ተግባራዊ የሚያደርጉትና የሚቆጣጠሩት አባል አገሮች ናቸው። «የአይካኦ አባሪ 14 መስፈርትን የሚያሟላ» ማለት ይቻላል፤ የትኛውን ክፍል እንደሚያሟላና ማን እንደፈተነው ጨምሩበት። የአሜሪካ ገበያ ከሆነ የሚጠየቀው የአገሪቱ የአቪዬሽን አስተዳደር፣ የኤፍኤኤ፣ መስፈርት ነው።

በአረንጓዴው ወሬም ተመሳሳይ ነገር አለ። ኤርፖርቶች ካርቦናቸውን ስለመቀነሳቸው በደረጃ የሚመዘኑበት ፕሮግራም ከ2009 ጀምሮ አለ። ደረጃው የኤርፖርቱ ነው፣ የአቅራቢው አይደለም። «የእኛን መብራት ስትገዙ ደረጃ ታገኛላችሁ» ብሎ መጻፍ የሚያውቀውን ሰው ያስቆጣል። መብራቱ ከድሮው ስንት በመቶ ያነሰ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጅ ጻፉ፣ ሒሳቡን እሱ ይሠራዋል።

መጽሔቱ ማን ጋ እንደሚደርስ አለመጠየቅ

የማስታወቂያ ሽያጭ ሠራተኛው «ይህን ያህል ሺህ አንባቢ አለን» ሲላችሁ ጥሩ ነው በሉና ቀጥሉ። ከእነዚህ ውስጥ ኤርፖርት ውስጥ የሚሠሩት ስንት ናቸው? የሙያ መጽሔት አንባቢ ውስጥ እንደ እናንተው አቅራቢ የሆነ፣ አማካሪ የሆነ፣ ተፎካካሪያችሁ የሆነ ብዙ ሰው አለ። እነሱ አይገዙም። በሥራ ኃላፊነትና በአገር የተከፋፈለ ዝርዝር ጠይቁ። ስርጭቱን ገለልተኛ አካል ይመረምረዋል ወይ በሉ፤ እንግሊዝ አገር ኤቢሲ የሚባለው ድርጅት ይህን ይሠራል። አፍሪካ ውስጥ ለመሸጥ ከሆነ ሐሳባችሁ፣ አፍሪካ ስንት ቅጂ ይደርሳል? መልሱ ትንሽ ከሆነ ገንዘባችሁን ለሌላ ነገር አውሉት። ጥሩ ሻጭ ይህን ስትጠይቁት አይከፋውም፣ ሰነዱን ይልክላችኋል።

አንድ ጊዜ አውጥቶ መጥፋት፣ ያለ ጊዜው መውጣት

ኤርፖርት ቸኩሎ አይገዛም። ጥናት አለ፣ በጀት አለ፣ ጨረታ አለ፣ ግምገማ አለ። ጨረታው ሲወጣ ማስታወቂያ ማሰብ መዘግየት ነው፤ መስፈርቱ ሲጻፍ ስማችሁ መታወቅ ነበረበት። የበጀት ዓመት መጀመሪያውን እዩ። የኢትዮጵያ መንግሥት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ኦክቶበር 1። በጀት ከመጽደቁ ወራት ቀድሞ ነው ሰውዬው ምን እንደሚያስፈልገው የሚያስበው።

ኤግዚቢሽኖቹንም አትርሱ። ኢንተር ኤርፖርት ዩሮፕ በየሁለት ዓመቱ፣ በጎዶሎ ዓመት፣ ኦክቶበር ላይ ሙኒክ ይካሄዳል። የዱባዩ ኤርፖርት ሾው አብዛኛውን ጊዜ በሜይ ነው። ከኤግዚቢሽኑ በፊት ያለው ዕትም ላይ ወጥታችሁ የዳሳችሁን ቁጥር ካልጻፋችሁ ግማሹን ጥቅም ጣላችሁት። መጽሔቱ የዓመቱን የርዕስ ዕቅድ ይሰጣችኋል፤ ስለ እሳት አደጋ የሚጻፍበት ዕትም ካለ የእሳት አደጋ ዕቃ ሻጭ እዚያ ይውጣ። አንድ ትልቅ ገጽ አንድ ጊዜ ከማውጣት አነስ ያለ ማስታወቂያ በሦስት ዕትም ማውጣትን እመርጣለሁ።

ቶሎ ልለፋቸው የምችላቸው

ፋይሉን መጽሔቱ በሚፈልገው መልክ ላኩ፦ ከጠርዝ አብዛኛውን ጊዜ 3 ሚሊሜትር ትርፍ፣ የፎቶ ጥራት 300 ዲፒአይ፣ ቀለሙ ለሕትመት በሚውለው በሲኤምዋይኬ። የቴሌግራም ፎቶ አይሆንም። ሁለት ገጽ ላይ የሚዘረጋ ከሆነ መሐሉ ላይ ፊት ወይም ቁጥር አታስቀምጡ፣ እጥፋቱ ይበላዋል። ጋዜጠኛውን «ማስታወቂያ ስለከፈልን ስለ እኛ ጻፍ» አትበሉት፤ የተከፈለበት ጽሑፍ ከፈለጋችሁ እንደተከፈለበት ተገልጾ ይውጣ። የድርጅት ጠቅላላ ኢሜይል ብቻ አታስቀምጡ፤ የሚመልስ ሰው ስምና በዋትስአፕም የሚሠራ ስልክ ጻፉ። የኪውአር ኮዱም ወደ ድረ ገጻችሁ ፊት ገጽ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ዕቃው ቴክኒካል ሰነድ ይውሰድ።

በስልክ ጥሪ ብዛት መለካት

«ወር ሆነው፣ ማንም አልደወለም» ተብሎ ማስታወቂያው ይቋረጣል። እዚህ ዘርፍ ማስታወቂያ አይቶ ወዲያው የሚደውል ጥቂት ነው። ገጹን ይቀድና ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ወይም ለመሐንዲሱ ይልከዋል። ውጤቱን ሌላ ቦታ ፈልጉት። ቴክኒካል ሰነዱን ስንት ሰው አወረደው፣ ከየትኛው አገር? ኤግዚቢሽን ላይ ወደ ዳሱ የመጣውን ሰው ሁሉ «ስለ እኛ የት ሰሙ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን መዝግቡ። ዋጋ እንድታቀርቡ በደብዳቤ የተጠየቃችሁባቸውን ኤርፖርቶች ዝርዝር ከማስታወቂያው በፊት እና ከዓመት በኋላ አስተያዩ። ዓመት ሞልቶት አንድም አዲስ ስም ካልተጨመረ፣ መጽሔቱን ከመቀየራችሁ በፊት መልእክቱን ለአንድ የኤርፖርት ባለሙያ አሳዩትና ምን እንደጎደለው ይንገራችሁ።