«ተቀብለናል» ማለት «ተቆጥሯል» ማለት አይደለም፦ በክሬዲት ዝውውር ሥራ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ቢሮዬ መጡ። ልጁ ሁለት ዓመት በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሊሻገር ነው። እናት ከቦርሳቸው አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉና አንዱን መስመር በጣታቸው እያሳዩ፣ «ልጄ፣ እዚህ ጋ ተቀብለናል ይላል አይደል? ታዲያ ለምንድን ነው እንደገና ተማር የሚሉት?» አሉኝ።

ወረቀቱ አልዋሸም። ልጁ ካቀረበው 60 ክሬዲት (የኮርስ ክብደት መለኪያ) 58ቱ ተመዝግቧል። ነገር ግን ከእነዚህ ውስጥ 22ቱ የገቡት «ነፃ ምርጫ» በሚለው፣ ከዲግሪው የግዴታ ኮርሶች ውጭ ላሉ ኮርሶች በተተወው ሣጥን ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮግራሙ ደግሞ ከነፃ ምርጫ የሚቆጥረው 6 ክሬዲት ብቻ ነው። የተረፉት 16ቱ ትራንስክሪፕቱ ላይ ይታያሉ እንጂ ለዲግሪው አንዳች አይፈይዱም። ዲግሪው 120 ክሬዲት ይጠይቃል፤ 62 ብቻ ቀርቶት በአራትና በአምስት ሴሚስተር መጨረስ ይችል የነበረ ልጅ 78 ቀረው። በየሴሚስተሩ 15 ቢወስድ እንኳ ስድስተኛው ሴሚስተር ውስጥ ይገባል።

በአሜሪካ ኮሌጆች በሬጅስትራርነትና በተማሪ አማካሪነት የምንሠራ ሐበሾች ጥቂት አይደለንም። ይህን የምጽፈው ለእኛው ነው። ከዚህ በታች ከማነሳቸው ስህተቶች አብዛኛዎቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

ተቀባይነት ያገኘውን ክሬዲት እንደ መጨረሻ ውጤት መያዝ

ዓመታዊ ሪፖርት ስንጽፍ የምንኮራበት ቁጥር «ከመጡት ክሬዲቶች ይህን ያህል በመቶ ተቀበልን» የሚለው ነው። ቁጥሩ ያምራል፤ የእናትየውን ጥያቄ ግን አይመልስም። የኮንግረሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት የሆነው የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በ2017 ባወጣው ሪፖርት ከ2004 እስከ 2009 ኮሌጅ የቀየሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ከአንዱ የመንግሥት ኮሌጅ ወደ ሌላው የመንግሥት ኮሌጅ ለሄዱት ኪሳራው 37 በመቶ ሲሆን፣ ለትርፍ ከሚሠሩ የግል ኮሌጆች ወደ መንግሥት ኮሌጅ ለመጡት 94 በመቶ ደርሷል።

እኔ አሁን የምመዘግበው ሦስት ቁጥር ነው፦ ስንት ክሬዲት መጣ፣ ስንቱ ተመዘገበ፣ ስንቱ ተማሪው ለመረጠው ዲግሪ ተቆጠረ። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ክፍተት የእኛ የሥራ ዝርዝር ነው። መጀመሪያ ላይ አለቆች አይወዱትም፤ ሪፖርቱን ያደበዝዛላቸዋል።

ኮርስን በስሙ መመዘን

«የስታትስቲክስ መግቢያ» የሚል ኮርስ በአንዱ ኮሌጅ በሒሳብ ክፍል፣ በሌላው በሥነ ልቦና ክፍል፣ በሦስተኛው በቢዝነስ ክፍል ይሰጣል። ስሙ ስለተመሳሰለ ይዘቱ አይመሳሰልም፤ ስሙ ስለተለያየም ይዘቱ አይለያይም። ሲለበስ (የኮርሱ ዝርዝር የትምህርት ዕቅድ) ሳይጠየቅ፣ ከካታሎግ ላይ ሁለት መስመር መግለጫ ብቻ ተነብቦ የሚሰጥ ውሳኔ ግምት ነው።

የዚህ ስህተት ሌላው ገጽታ ይባስ ያመኛል፤ መቶ በመቶ መመሳሰልን መጠየቅ። የትምህርት ክፍሉ መምህር ሲለበሱን ያገላብጡና «የእኛ ምዕራፍ 9 እዚህ የለም» ይላሉ። እዚያው ክፍል ውስጥ ግን ያንኑ ኮርስ የሚያስተምሩ ሁለት መምህራን አንዱ ምዕራፍ 9 ላይ ይደርሳል፣ ሌላው አይደርስም። የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ያለበት «ይህ ተማሪ ለሚቀጥለው ኮርስ ዝግጁ ነው?» የሚለው ነው። ለመምህራን የምልከውን ቅጽ ከሁለት ዓመት በፊት በዚህ ጥያቄ እንዲጀምር አደረግኩት። መልሱ ተለወጠ፤ ቢያንስ ክርክሩ ስለ ተማሪው ሆነ።

ስምምነት ፈርሞ መሳቢያ ውስጥ መክተት

ሁለት ኮሌጆች የኮርስ አቻነት ስምምነት ሲፈራረሙ ፎቶ እንነሳለን፣ ኬክ እንቆርሳለን። በሦስተኛው ዓመት አንዱ ኮሌጅ የኮርስ ቁጥር ይቀይራል፣ ሌላው ፕሮግራሙን ይከልሳል። ሰነዱ ግን ድረ ገጹ ላይ እንዳለ ነው፤ ተማሪዎችም እርሱን አምነው ኮርስ ይመርጣሉ። ስምምነት በየዓመቱ የሚከልሰው ባለቤት፣ ከቢሮ ስም ይልቅ የሰው ስም፣ ያስፈልገዋል።

ፍሎሪዳ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ክፍለ ሀገር አቀፍ የጋራ የኮርስ ቁጥር ትጠቀማለች። ካሊፎርኒያ የኮርስ አቻነትን የሚያሳየውን «አሲስት» የተባለውን የመረጃ ቋት ለብዙ ዓመታት ስትጠቀም ቆይታ፣ በ2021 ኮሚዩኒቲ ኮሌጆቿ በሙሉ የጋራ ቁጥር እንዲኖራቸው በሕግ ደነገገች። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም የጋራ ቁጥር ኮርሱ አንድ ዓይነት መሆኑን እንጂ ለዚህ ወይም ለዚያ ዲግሪ መቆጠሩን አይናገርም። በቨርጂኒያ የኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በ2018 የጀመሩት «አድቫንስ» ፕሮግራም የሚማርከኝ ለዚህ ነው፤ ተማሪው ገና ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሳለ የሚሄድበት ዲግሪ ተለይቶ መንገዱ ይነጠፍለታል።

ግምገማውን ማዘግየት

ተማሪው መግባቱን አረጋግጦ፣ የቦታ ማስያዣ ከፍሎ፣ ኮርስ ከተመዘገበ በኋላ የሚደርስ የክሬዲት ውሳኔ ለውሳኔ አይረዳውም። ቀደም ብሎ ቢያውቅ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይመርጥ ነበር። የፔል ግራንት ድጋፍ (የፌዴራል መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ተማሪዎች የሚሰጠው የትምህርት ገንዘብ) በዕድሜ ልክ ለ12 ሙሉ ሴሚስተር ብቻ እንደሚሰጥ አንርሳ። የተደገመ ኮርስ ከዚያ ላይ ይቀነሳል።

በስሌትና በወረቀት መሳሳት

በተለይ የእኛን ልጆች የሚጎዳው ይህ ነው፤ ጠለቅ ብዬ ላየው እፈልጋለሁ።

በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የሚማሩት በኳርተር፣ ማለትም ከሴሚስተር ባጠረ የትምህርት ወቅት፣ ነው። ከሲያትል ተነስቶ ወደ ቨርጂኒያ ወይም ወደ ሜሪላንድ የሚመጣ ተማሪ 5 የኳርተር ክሬዲት ያለው የኬሚስትሪ ኮርስ ይዞ ይመጣል። በሁለት ሦስተኛ ሲባዛ 3.33 የሴሚስተር ክሬዲት ይሆናል። ፕሮግራሙ 4 ይጠይቃል። በዚህ በ0.67 ጉድለት ምክንያት ሙሉ ኮርስ ከነላቦራቶሪው የሚያስደግሙ አሉ። ይዘቱ ከተሟላ መስፈርቱ ተሟልቷል ማለትና የጎደለችውን ክፋይ በአጠቃላይ የዲግሪው ክሬዲት ድምር ላይ መሙላት ይቻላል። ይህን የሚፈቅድ አንድ አንቀጽ በኮሌጁ ደንብ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ። ከሌለ እንዲገባ ይከራከሩ።

ከኢትዮጵያ የሚመጣው ትራንስክሪፕት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የሞጁል ሥርዓቱ ከገባ በኋላ የተማሩ ሰዎች ትራንስክሪፕት ላይ ኢሲቲኤስ የሚባለው የአውሮፓ መለኪያ ይገኛል። በአገር ቤት 3 ክሬዲት አወር ያለው ኮርስ ብዙውን ጊዜ 5 ኢሲቲኤስ ተብሎ ይጻፋል። አሜሪካ ያለ ገምጋሚ ሁለት ኢሲቲኤስን እንደ አንድ ክሬዲት ሲቆጥር 5ቱ 2.5 ይሆናል፤ አሁንም ከ3 ያነሰ። ሁለቱም ቁጥሮች ትራንስክሪፕቱ ላይ ካሉ ክሬዲት አወሩ እንዲታይ ማመልከት ተገቢ ነው።

ቀኑም ያሳስታል። አንድ ባልደረባዬ ተማሪው በ14 ዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቋል ብሎ ሰነዱን በማጭበርበር ጥርጣሬ ወደ ጎን አስቀምጦት ነበር። ትራንስክሪፕቱ ላይ «ሰኔ 2009» ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር መሆኑ ነው እንጂ በፈረንጁ 2017 ነው። ስምም እንደዚሁ። ሦስት ስም የተጻፈበት ሰው ማመልከቻው ላይ የአባቱን ስም በመጨረሻ ስም ሣጥን ያስገባል፤ ዲፕሎማው ደግሞ የአያቱን ስም በዚያ ቦታ ያሳያል። ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ነው ይላል፣ ትራንስክሪፕቱም ባለቤት አልባ ሆኖ ለሳምንታት ይቀመጣል። አማርኛ የምናውቅ ሰዎች ለሬጅስትራር ቢሮው አንድ ገጽ ማብራሪያ ጽፈን ግድግዳ ላይ ብንለጥፍ ብዙ ድካም ከውሃ ወቀጣ ይድናል። እኔ ለጥፌዋለሁ፤ ቡና ማፍያው አጠገብ ስለሆነ ሁሉም አንብቦታል።

የላኪውን ኮሌጅ ዕውቅና ሰጪ ብቻ አይቶ መመለስ

ከሐምሌ 2020 ወዲህ የፌዴራል ትምህርት መሥሪያ ቤት «ክልላዊ» እና «ብሔራዊ» እያለ ዕውቅና ሰጪዎችን (የኮሌጆችን ጥራት መርምረው የሚያረጋግጡ ድርጅቶችን) መለየት ትቷል። ይሁንና አሁንም የድሮውን ልዩነት በደንባቸው ይዘው፣ ኮርሱን ሳያዩ የሚመልሱ ኮሌጆች አሉ። እያንዳንዱ ኮሌጅ የመወሰን መብት አለው። መብት ስላለው ግን ሳያነብ ይወስን ማለት አይደለም።

በትንሽ ዕዳ ትራንስክሪፕት ማገት

ካሊፎርኒያ ከ2020 ጀምሮ ኮሌጆች በዕዳ ምክንያት ትራንስክሪፕት እንዳይከለክሉ አግዳለች። ሕጉ በሌለበት ቦታም የመኪና ማቆሚያ ቅጣት የሁለት ዓመት ትምህርትን ሲያግት ማየት ያሳፍራል። ዕዳውን በሌላ መንገድ ይጠይቁ።

ውሳኔውን ለላኪው ኮሌጅ አለመንገር

ሜሪላንድ በ2021 ባወጣችው ሕግ የመንግሥት ኮሌጅ ክሬዲት ሲመልስ ምክንያቱን ለተማሪውም ለላኪው ኮሌጅም እንዲያሳውቅ ታስገድዳለች። በሌሎች ቦታዎች ብዙውን ጊዜ ዝምታ ነው፤ ላኪው ኮሌጅ ኮርሱ እየተመለሰ መሆኑን ሳያውቅ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ያንኑ ይመክራል።

በሐምሌው ልጅ ጉዳይ ከ22ቱ ክሬዲቶች የአምስቱን ኮርሶች ሲለበስ ሰብስበን፣ ከፈተናና ከላቦራቶሪ ሥራ ናሙና ጋር አያይዘን ይግባኝ አልን። ሦስቱ ኮርሶች፣ 11 ክሬዲት፣ ከነፃ ምርጫ ወጥተው ለኮምፒውተር ሳይንሱ ተቆጠሩ፤ 78 የነበረው 67 ሆነ። በአንደኛው ላይ የተሰጠን ምክንያት፣ «ሲለበሱ ተማሪዎች ፕሮግራም እንደሚጽፉ አይገልጽም» የሚል ነበር። ልጁ ግን በዚያ ኮርስ ውስጥ ስድስት ፕሮግራሞች ጽፏል፤ ኮዱም ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። የኮሚዩኒቲ ኮሌጁን መምህር ደውዬ ነገርኳቸው። እርሳቸውም ሳቁና በዚያው ሳምንት ሲለበሱ ላይ አንድ መስመር ጨመሩ።