የግል መረጃችንን እንዴት እንጠብቅ? ከስልክ ቁጥር እስከ ፎቶ ኮፒ ቤት

ስልክ ቁጥራችሁን ብቻ የያዘ አንድ የማታውቁት ሰው አስቡ። የሞባይል ገንዘብ መተግበሪያ ይከፍትና ብር እንደሚልክ ሆኖ ቁጥሩን ያስገባል። ስማችሁ ይመጣለታል። ቁጥሩን መዝግቦ ቴሌግራም ሲገባ ፎቶአችሁን ያያል። በስማችሁ ፌስቡክ ላይ ሲፈልግ የተማራችሁበትን ትምህርት ቤት፣ የምትሠሩበትን መሥሪያ ቤት፣ የእህት ወንድሞቻችሁን ስም ያገኛል። ለእናቶች ቀን የለጠፋችሁት ፎቶ ሥር ዘመድ አዝማዱ እናታችሁን በስም እየጠራ መርቋል። ያ ስም የባንክ ሂሳብ ስትከፍቱ ፎርም ላይ የሞላችሁት ነው።

ሰውዬው ምንም አልሰበረም፣ ምንም አልጠለፈም። አሁን ደውሎ በስማችሁ ጠርቷችሁ፣ የእናታችሁን ስም ጨምሮ «ከባንክ ነው የምደውለው» ቢላችሁ ማን ይጠረጥረዋል?

«እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም» የሚል ሰው ብዙ ነው። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ግን ከላይ ካየናቸው መረጃዎች አንዱም ምስጢር አልነበረም። እያንዳንዱ ለብቻው ተራ ነገር ነው፤ የሚጎዳው ሲገጣጠም ነው። ስለዚህ ሥራችን የሚገጣጠመውን ነገር ማሳነስ ነው። መብቱም አለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ መረጃችንን የሚሰበስቡ ተቋማት ላይ ግዴታ ጥሏል። በገዛ እጃችን ለሕዝብ የለጠፍነውን ግን አዋጅ አይሰበስብልንም። እሱ የእኛ ፋንታ ነው።

አንደኛ፦ ራሳችሁን ፈልጉ

ከመዝጋት በፊት ምን ክፍት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የወዳጃችሁን ስልክ ተውሳችሁ፣ ወይም ከአካውንታችሁ ወጥታችሁ፣ ስማችሁን ጎግል ላይ ፈልጉ። በአማርኛ ፈልጉ፤ በእንግሊዝኛ ፊደልም በተለያየ አጻጻፍ ሞክሩ። የእኛ ስም አንዱ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው በሁለት ይጽፈዋል፤ አንዱ አጻጻፍ የደበቀውን ሌላው ያወጣዋል። ከዚያ ስልክ ቁጥራችሁን በ09 እና በ+251 ጀምራችሁ ፈልጉት።

ከዓመታት በፊት የለጠፋችሁት «ቤት ይከራያል» ማስታወቂያ ሊወጣ ይችላል። የድሮ ሲቪም እንዲሁ። ያገኛችሁትን ወረቀት ላይ ጻፉ። መሰረዝ የምትችሉትን ሰርዙ፤ የማትችሉትን የለጠፈው ሰው እንዲያነሳላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ብዙዎች ሲጠየቁ ያነሳሉ።

ሁለተኛ፦ ቴሌግራምን አስተካክሉ

በእኔ እይታ ለኢትዮጵያዊ ከሁሉም የሚቀድመው ይህ ነው። ሥራ የምንፈልገው፣ ዕቃ የምንሸጠው፣ የቤተ ዘመድ ስብሰባ የምንጠራው ቴሌግራም ላይ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ያሉበት ግሩፕ ውስጥ ገብተን ቁጥራችንን ማን እንደሚያየው ሳናስተካክል እንቀመጣለን።

«ሴቲንግስ» ግቡ፤ ከዚያ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»። «ፎን ነምበር» የሚለውን ክፈቱና ቁጥራችሁን ማን ማየት እንደሚችል ሲጠይቅ «ኖባዲ» በሉ። ይህን ስትመርጡ ከሥሩ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ በቁጥራችሁ ፈልጎ ማን ሊያገኛችሁ ይችላል? እዚያ «ማይ ኮንታክትስ» ምረጡ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አስተካክሎ ይህን ሁለተኛውን ይረሳዋል። እንዲያ ሲሆን ቁጥራችሁን በሌላ መንገድ ያገኘ ሁሉ መዝግቦት አካውንታችሁን ያገኛል። ቁጥራችሁን ስልኩ ላይ ቀድሞ የመዘገበ ሰው ግን ማየቱን እንደማያቆም እወቁ።

እዚያው ገጽ ላይ ፎቶአችሁን ማን እንደሚያይ፣ ማን እንደሚደውልላችሁ፣ ማን ግሩፕ ውስጥ እንደሚያስገባችሁ ተራ በተራ አስተካክሉ። የመጨረሻው በተለይ «በቀን ይህን ያህል ብር ሥሩ» እያሉ ሰው ከሚያጠምዱ ግሩፖች ያሳርፋችኋል። ዕቃ ስትሸጡ ከቁጥር ይልቅ በ@ የሚጀምረውን የተጠቃሚ ስም ስጡ። የተጠቃሚ ስም በፈለጋችሁ ጊዜ ይቀየራል። ስልክ ቁጥር መቀየር ግን አገር መቀየር ያህል ነው፤ ባንኩም ዘመዱም በእሱ ነው የሚያውቃችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ተራው የቴሌግራም መልእክት የሚቀመጠው በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ነው። ከላኪና ከተቀባይ ስልክ ውጭ ማንም እንዳያነበው ሆኖ የሚቆለፈው «ሲክሬት ቻት» ብቻ ነው። የጤና ውጤት ወይም የቤተሰብ ገመና የምታወሩ ከሆነ እሱን ክፈቱ።

ፌስቡክ ላይ የጓደኞቻችሁን ዝርዝር ከእናንተ በቀር ማንም እንዳያየው አድርጉ። አጭበርባሪ በስማችሁና በፎቶአችሁ የውሸት አካውንት ሲከፍት መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ዝርዝር ነው። «ታምሜያለሁ፣ ትንሽ ብር ላኩልኝ» የሚለው መልእክት ዱባይና ዋሽንግተን ላሉ ዘመዶቻችሁ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። «ሊሚት ፓስት ፖስትስ» የሚለው ደግሞ ለሁሉም ክፍት የነበሩ የድሮ ልጥፎችን በአንድ ጊዜ ለጓደኞች ብቻ ያደርጋቸዋል።

ሦስተኛ፦ በሩን በሁለት ቁልፍ ዝጉ

ቴሌግራምም ዋትስአፕም ላይ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» አለ። አብሩት። ያኔ በኤስኤምኤስ የሚመጣውን ኮድ አንድ ሰው ቢያገኝ እንኳ የይለፍ ቃሉን ካላወቀ አይገባም። ቀጥሎ «ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቱ፤ አካውንታችሁ የተከፈተባቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች ተዘርዝረዋል። የድሮ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር እዚያ ካለ አስወጡት።

የስልካችሁ ስክሪን ተቆልፎም መልእክት የሚያሳይ ከሆነ ዝጉት፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክ የባንክ ኮድ ለጎረቤት ያነብባል። አንድ ሰው ደውሎ በ*21* የሚጀምር ቁጥር «ንኩ» ቢላችሁ ደግሞ እንዳትነኩ። ጥሪዎቻችሁን ወደ ራሱ ስልክ ሊያዞር ነው። ነክታችሁ ከሆነ ##002# ብላችሁ ደውሉ፤ የተላለፉ ጥሪዎችን በሙሉ ይሰርዛል።

አራተኛ፦ ወረቀቱን አትርሱ

ስለ መረጃ ጥበቃ ሲወራ ሁሉም ስልክ ስልክ ይላል። እዚህ አገር ግን ትልቁ ቀዳዳ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የመታወቂያችሁን ፎቶ፣ የዲግሪያችሁን ስካን፣ ፓስፖርታችሁን በሱቁ ቴሌግራም ትልካላችሁ። ልጁ ያትምላችኋል፣ ትከፍላላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። ፋይሉ ግን እዚያው ቀረ፤ ቴሌግራሙ ውስጥም፣ «ዳውንሎድ» ፎልደር ውስጥም። ልጁ ክፉ ሰው ባይሆንም ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጠው ሁሉ ሊያየው ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከታተመ በኋላ የላካችሁትን ከሁለቱም ወገን የሚጠፋበትን ምርጫ ተጭናችሁ ሰርዙ። ከዚያ «ወንድሜ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውንም አጥፋልኝ» በሉና እስኪያጠፋ ጠብቁ። «ሪሳይክል ቢን» ውስጥ ያለውንም ጭምር። የሚቀየም የለም። በፍላሽ የምትወስዱ ከሆነ ፍላሹ ላይ የሚታተመው ፋይል ብቻ ይኑር።

የመታወቂያ ኮፒ ለሰው ስትሰጡ ምስሉ ላይ በእስክሪብቶ ለምን እንደሆነና ቀኑን ጻፉበት፦ «ለቤት ኪራይ ውል ብቻ»። በእሱ ሌላ ነገር ለማድረግ ያስቸግራል። የፋይዳ መታወቂያ ላይ ጥንቃቄው የበለጠ ይሁን። 12 አሃዝ ያለው ቁጥር ዕድሜ ልክ አብሯችሁ የሚኖር ነው፤ እንደ ይለፍ ቃል አይቀየርም። ካርዱ ሲደርሳችሁ ደስ ብሏችሁ ፎቶውን ስቶሪ ላይ አትለጥፉ።

ከሥራ ማስታወቂያ ላይም ዓይናችሁን አትንቀሉ። ገና ሳትጠሩ፣ ሳትፈተኑ፣ የመታወቂያ ኮፒና የባንክ ሂሳብ ቁጥር ላኩ የሚል «ቀጣሪ» ሥራ አይሰጣችሁም። ሲቪ ላይ ስልክና ኢሜይል ይበቃል። የትውልድ ቀን፣ የቤት ቁጥርና የመታወቂያ ቁጥር ስትቀጠሩ ይደርሳሉ።

ኢንተርኔት ካፌ ዲቪ ያስሞላ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ። የማረጋገጫ ቁጥሩ፣ የቤተሰብ ስሙና የትውልድ ዓመቱ ያለው ማንም ሰው ውጤቱን ማየት ይችላል። ከባለቤቱ ቀድሞ አይቶ ብር የሚጠይቅ ደላላ የተፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ቁጥሩን ራሳችሁ ያዙ፤ ካፌው ኮምፒውተር ላይ አትተዉት።

አምስተኛ፦ ከቦታው ከሄዳችሁ በኋላ ለጥፉ

ላንጋኖ ናችሁ? ፎቶውን አንሱ፤ ቤት ስትመለሱ ለጥፉ። ፎቶው አይበላሽም። ከሐይቁ ዳር በቀጥታ የተለጠፈ ፎቶ ግን ቤታችሁ ባዶ እንደሆነ ለማያውቀው ይናገራል። ለሴቶች ደግሞ ነገሩ ከሌብነት ያለፈ ነው። አሁን የትኛው ካፌ እንዳለች ማወቅ ለሚከታተላት ሰው የሚፈልገው ሁሉ ነው።

አሜሪካዊቷ የቴሌቪዥን ዝነኛ ኪም ካርዳሺያን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2016 ፓሪስ ውስጥ በመሣሪያ ተዘርፋለች። ከዘራፊዎቹ አንዱ በኋላ እንደተናገረው ጌጣጌጡም እሷ ያለችበትም ቦታ ኢንተርኔት ላይ የሚታይ ነበር። ጠባቂ የነበራት ሴት ናት።

የአውሮፕላን ትኬት ፎቶም እንዲሁ። የአውስትራሊያ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ አቦት እ.ኤ.አ. በ2020 የመሳፈሪያ ካርዱን ኢንስታግራም ላይ ለጠፈ። አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ በካርዱ ላይ ባለው የቦታ ማስያዣ ኮድ ገብቶ የፓስፖርቱንና የስልኩን ቁጥር አገኘ። ሰውዬው ጨዋ ስለነበር ለባለሥልጣናት አሳወቀ። ቦሌ ላይ ፓስፖርትና መሳፈሪያ ካርድ ደራርቦ ፎቶ ማንሳት የተለመደ ነው። ስሜቱ ይገባኛል፤ ስንት ተለፍቶበት የተገኘ ጉዞ ነው። ወረቀቱን ትታችሁ ራሳችሁን ተነሱ።

ስልክ ፎቶ ሲያነሳ ቦታውንም ፋይሉ ውስጥ ሊመዘግብ ይችላል። በካሜራው ሴቲንግ ውስጥ «ሎኬሽን» የሚለውን አጥፉ። በተለይ ቴሌግራም ላይ ፎቶን «ፋይል» አድርጋችሁ ስትልኩ የቦታው መረጃ አብሮ ይሄዳል።

ስድስተኛ፦ ደስታችሁን ለሚመለከተው ንገሩ

የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣ፣ መኪና ተገዛ፣ ቪዛ ተመታ። ደስ ይላል፤ ይነገርም። ጥያቄው ለማን የሚለው ነው። እናትና አባት፣ የልብ ጓደኛ፣ አብሮ የለፋ ሰው በስልክ ይደወልላቸዋል። ያ ጥሪ ከአንድ ሺህ «ላይክ» የበለጠ ሙቀት አለው። ሁሉም የሚያየው ልጥፍ ግን ለአጭበርባሪው እጃችሁ ላይ ገንዘብ እንዳለ ይነግረዋል። ባሕር ማዶ ያላችሁም ብትሆኑ የአዲስ መኪናችሁ ፎቶ እዚህ የሚነበበው ሌላ ነው። ዕዳውን፣ የሌሊት ፈረቃውን ማንም አያየውም፤ የሚታየው መኪናው ነው። የገንዘብ ጥያቄው የሚጎርፈውም ከዚያ በኋላ ነው።

ገዝቶ ዝም ማለት፣ ጀምሮ ዝም ማለት፣ ሲያልቅ ለሚገባው መናገር። አያቶቻችን ይህን ያለ ስልክም ያውቁት ነበር።

ሰባተኛ፦ የሌላውንም ሰው ጠብቁ

ልጆች እምቢ ማለት አይችሉም። የኬጂ ምረቃ ፎቶ ላይ ጋዋኑ፣ የትምህርት ቤቱ ስም፣ የልጁ ሙሉ ስም አንድ ላይ ይታያል። ልጁን ከሩቅ የሚያይ ሰው በስሙ ጠርቶ ሊያናግረው ይችላል ማለት ነው። ፎቶውን ለአያትና ለአክስት በግል ላኩ። ቤታችሁ የምትሠራውን ልጅ፣ ሆስፒታል የተኛ ዘመዳችሁን፣ ለቅሶ ላይ የሚያነባ ሰው ሳታስፈቅዱ አትለጥፉ። ቢጠየቁ ብዙዎቹ አይፈቅዱም፤ ስለማይጠየቁ ነው ዝም ያሉት።

ከአገር ለምትወጡ

የኢትዮጵያ ቁጥራችሁ ለረጅም ጊዜ ካልሠራ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል። ቴሌግራማችሁ፣ ኢሜይላችሁና ባንካችሁ በእሱ የታሰሩ ከሆነ ኮዱ ለአዲሱ ባለቤት ይደርሳል። ሪያድ ወይም ቴል አቪቭ እንደደረሳችሁ መጀመሪያ ቁጥሩን በየመተግበሪያው ቀይሩ። ቁጥሩን ማቆየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ቤት ያለ ሰው ካርድ እየሞላ እንዲጠቀምበት አድርጉ።

ቀድሞ ተታላችሁ ከሆነ

ኮድ ወይም የሚስጥር ቁጥር ለሰው ሰጥታችሁ ከሆነ አትፈሩ፤ ማፈርም አያስፈልግም። ፍጠኑ እንጂ። ለቴሌብር 127፣ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951 ደውሉና ሂሳቡ እንዲታገድ ጠይቁ። ሌላ ባንክ ከሆነ ስልኩን ከካርዳችሁ ጀርባ ወይም ከባንኩ ድረ ገጽ ውሰዱ፤ አጭበርባሪው ከላከላችሁ መልእክት ላይ አትውሰዱ። የመጣላችሁን መልእክትና የደወለውን ቁጥር ስክሪንሾት አንሱ፣ አትሰርዙት። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ አመልክቱ፤ ያመለከታችሁበትንም ወረቀት ኮፒ ያዙ።