ሳሎን ይበራል፣ ሰርቪስ ይሞታል፦ የሜሽ ዋይፋይ ችግርና መፍትሄ

ሐዋሳ ውስጥ ብዙ ግቢ አንድ ዓይነት ነው። ፊት ለፊት ዋናው ቤት፣ ከጀርባ ሰርቪስ። ራውተሩ ሳሎን ቲቪው ሥር ተቀምጧል፤ ሰርቪስ ያለው ልጅ ወይም ተከራይ ደግሞ "ኔት የለም" ይላል። ሜሽ፣ ማለትም እየተቀባበሉ አንድ ዋይፋይ ለግቢው የሚያዳርሱ ሁለት ሦስት ሳጥኖች፣ የሚገዛው ለዚህ ነው። ተገዝቶም ችግሩ ካልለቀቀ ግን፣ እቃውን ከመራገም በፊት የተቀመጠበትን ቦታ ማየት ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ስልክዎን ይዘው ራውተሩ አጠገብ ቆመው ፍጥነቱን ይለኩ። እዚያም የሚንቀራፈፍ ከሆነ ችግሩ የመስመሩ ነውና ሜሽ አይፈታውም። መስመሩ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ይደውሉ። አጠገቡ እየሮጠ ጓዳ ሲገቡ ከሞተ ወደ ታች ይቀጥሉ።

ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ገጹ ግን አይከፍትም

በብዛት የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ሰው ሁለተኛውን ሳጥን ዋይፋይ ጨርሶ የማይደርስበት ክፍል ውስጥ ይሰካዋል። ስልኩ ለሳጥኑ ቅርብ ስለሆነ ሙሉ ሲግናል ያሳያል። ሳጥኑ ራሱ ግን ከዋናው ጋር የሚገናኘው በመከራ ነው። ያላገኘውን ኢንተርኔት ከየት አምጥቶ ያካፍል?

ሳጥኑን ዋይፋዩ መድከም በጀመረበት፣ ገና ባልሞተበት ቦታ ያድርጉት። ለሰርቪስ ቤት፣ በጓሮ በኩል ያለው የዋናው ቤት መስኮት ጥሩ ቦታ ነው። በግምት ከመሄድ ሲግናል የሚለካ ነጻ አፕ ስልክዎ ላይ ይጫኑ። ቁጥሩ በኔጌቲቭ ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ይጠነክራል። ሳጥኑ በሚቀመጥበት ቦታ የዋናው ሲግናል -65 አካባቢ ከሆነ ደህና ነው። -80 ከሆነ ቦታ ይቀይሩ።

ቆርቆሮ፣ የብረት በር፣ ፍሪጅና ትልቅ መስታወት ሲግናል ያግዳሉ። ራውተሩን ቡፌ ውስጥ አይቆልፉበት፤ ዳንቴል አልብሶ ቲቪ ጀርባ መወሸቅም ይቅር። ዳንቴሉ ሲግናል አይከለክልም፣ ግን ሙቀቱን ያፍናል።

ቦታ ቢቀያየርም ሰርቪሱ ጋ አልደርስ ካለ፣ በገመድ ያገናኙ። እንደኔ ሦስተኛ ሳጥን ከመጨመር ይሄ ይሻላል። የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ያደርሳል፤ ለአንድ ግቢ ይተርፋል። ሲገዙ ንጹህ መዳብ መሆኑን ይጠይቁ። ርካሹ በአብዛኛው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ቶሎ ይሰበራል። ገመዱን ከጣሪያ ጣሪያ አየር ላይ አይዘርጉት፤ ክረምት ላይ መብረቅ አለ። በፕላስቲክ ቱቦ አድርገው ይቅበሩት።

ሰርቪስ ገብተውም ስልኩ የሳሎኑን ዋይፋይ አልለቅም ይላል

ከሜሹ በፊት የነበረው የድሮው ራውተር ዋይፋይ አልጠፋም ይሆናል። ሜሹ ከተተከለ በኋላ ሴቲንግ ገብተው ያጥፉት። የትኛውን ሳጥን እንደሚይዝ የሚወስነው ስልኩ ስለሆነ፣ አሮጌ ስልክ ከዚያም በኋላ ችክ ሊል ይችላል። ዋይፋዩን አጥፍቶ ማብራት ነው።

ጌም ወይም የግቢ ካሜራ ከውጭ አልገናኝም ካለ፣ የድሮው ራውተርና ሜሹ ሁለቱም ለእቃዎቹ የኔትወርክ አድራሻ እያከፋፈሉ ሊሆን ይችላል። ሜሹን አክሰስ ፖይንት ሞድ ላይ ያድርጉት፤ ያኔ ዋይፋይ ብቻ ያዳርሳል፣ አድራሻ ማከፋፈሉን ለድሮው ራውተር ይተዋል።

ካሜራው ከነጭራሹ ዋይፋዩን አያገኝም

ዋይፋይ በብዛት 2.4 እና 5 ጊጋኸርትዝ በሚባሉ ሁለት ሞገዶች ይለቀቃል፤ ብዙዎቹ ካሜራዎች የሚሠሩት በ2.4 ብቻ ነው። ካሜራውን እስኪያስገቡ 5 ጊጋኸርትዙን ለጊዜው ያጥፉት።

መብራት ሲሄድ ሰርቪሱ ብቻ ይጠፋል

ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ራውተሩን የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ) የተሰካው ዋናው ቤት ያለው ራውተር ላይ ብቻ ነው። በመሐል ያለው የሜሽ ሳጥንም ባትሪ ይፈልጋል፤ ኢንተርኔቱን ወደ ቤት የሚያስገባው የፋይበር ሳጥን ለብቻው ከሆነ እሱም እንዲሁ። ከመግዛትዎ በፊት ቻርጀራቸው ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፒር ፎቶ አንስተው ይሂዱ፤ ሁሉም 12 ቮልት አይደሉም።