ስለ ራስ ኃይሉ ዘጋቢ ፊልም ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ የጀማሪዎችን ረቂቅ ቅንብር መመልከት ከጀመርሁ ወዲህ፣ ስለ ጎጃሙ ገዥ ስለ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት የተሠራ ፊልም ሲመጣልኝ አጀማመሩን ሳላየው አውቀዋለሁ፤ የደበዘዘ ፎቶግራፍ ቀስ እያለ ይቀርባል፣ በገና ይደረደራል፣ ተራኪውም ድምፁን አጎርንኖ «ጀግና ወይስ ባንዳ?» ይላል።

ይህን ጥያቄ እባካችሁ ተዉት። ተመልካቹ በመጀመሪያው ደቂቃ ወገኑን ይመርጥና ከዚያ በኋላ የሚሰማው የሚፈልገውን ብቻ ነው፤ የባሰው ደግሞ አዘጋጁ ራሱ ከጥያቄው ጋር የማይስማማውን ሁሉ እየቆረጠ መጣሉ ነው። ራስ ኃይሉ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅና የልጅ ኢያሱ አማት ነበሩ፤ ከጎጃም ገበሬ በሚሰበሰበው ግብር እጅግ የበለጸጉ ሲሆኑ፣ በ1924 ከዙፋን የወረዱት ልጅ ኢያሱ ከታሰሩበት ከፍቼ ባመለጡ ጊዜ እጃቸው አለበት ተብለው ሹመታቸውን ተገፍፈው ታሰሩ፤ ጣሊያን ሲገባ ለወራሪው አደሩ፤ በ1933 ደግሞ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ከስደት ለተመለሱት ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ገቡ። እስሩን የቆረጠ ሰው ከሃዲ ብቻ ያወጣል፤ ግብሩን የቆረጠ ደግሞ የተበደለ መኳንንት ያወጣል። ሁለቱንም የሠራቸው መቀሱ እንጂ ታሪኩ አይደለም።

እኔም ከዚህ ነጻ አይደለሁም። ከዓመታት በፊት በአንድ የቅኔ መምህር ደጅ ካሜራዬን ተክዬ፣ ቡናው እንኳ ሳይፈላ «የኔታ፣ ባንዳ ነበሩ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጋቢያቸውን አጣፉና «ልጄ፣ መልሱን ይዘህ መጥተህ ከእኔ ምን ትሻለህ?» አሉኝ። ካሜራው ከተነቀለ በኋላ ስለዚያ ዘመን ግብር እስኪመሽ አጫወቱኝ፤ አንዱም ቃል አልተቀረጸም።

ዘመን አቆጣጠርን ማደባለቅ ቀላል ቢመስልም አሳፋሪ ነው። ራስ ኃይሉ ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር አውሮፓ የተጓዙት በ1916 ሲሆን፣ ፈረንጆቹ ይህንኑ ዓመት 1924 ይሉታል። አንድ ወጣት የፈረንጁን ቁጥር ሳይለውጥ ጽፎት፣ በታሰሩበት ዓመት አውሮፓ ሲዞሩ የሚያሳይ ፊልም አመጣልኝ።

የጣሊያን መንግሥት ተቋም የነበረው ሉቼ የቀረጻቸውን ምስሎች ማን እንደቀረጻቸው ሳይናገሩ ማሳየትም እንዲሁ ነው፤ ካሜራው የት እንደሚቆም የወሰነው ወራሪው ነበር።

በግብር ድግስ ላይ የተዘፈነ ሙገሳን እንደ ማስረጃ የሚያቀርብ ሰው፣ ሰሙን ከወርቁ የሚለይለት አዋቂ አስቀድሞ ይፈልግ። ደጃዝማች በላይ ዘለቀንም ለማነጻጸሪያ ብቻ አታስገቧቸው፤ በ1937 የተሰቀሉት አርበኛ የራሳቸው ፊልም ይገባቸዋል።

በገናውን በተመለከተ፣ የጸሎትና የዐቢይ ጾም መሣሪያ ነው። ለሹም ሽር ወሬ ማሲንቆ ይበቃል።