ሐሳብን ስትለቁት የምትሠሯቸው ስህተቶች

"ነገርን ነገር ያነሳዋል" ይባል የለ? የሥነ ልቦና ትንተና መሥራቹ ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890ዎቹ ቪየና ውስጥ ሂፕኖሲስን (ታካሚን ሰመመን ውስጥ አስገብቶ ማከምን) እየተወ የያዘው መንገድ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ታካሚው ሶፋ ላይ ጋደም ይላል፣ የመጣለትን ሁሉ ይናገራል። ነፃ የሐሳብ ትስስር የሚሉት ይህንን ነው። እኔ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ተቀምጬ በደብተር እለማመደዋለሁ። ብዙ ጊዜም አበላሽቼዋለሁ።

ትልቁ ስህተት መምረጥ ነው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አጥማጆች ታንኳቸውን ዳር አውጥተው ሲያደርቁ እያየሁ መጻፍ ጀመርኩ። ታንኳ፣ ደንገል፣ እርጥብ፣ ነጠላ፣ አያቴ፣ ደብዳቤ። "ደብዳቤ"ን ሰረዝኩት፤ ከታንኳ ጋር ምን አገናኘው ብዬ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አያቴ አንብብልኝ ብላ የሰጠችኝ፣ እኔ ነገ ነገ ስል ሳላነብላት ያረፈችበት ደብዳቤ ትዝ አለኝ። ከስድስቱ ቃላት የሰረዝኩት እሱን ብቻ ነበር! የፍሮይድ ዋና ደንብም ይኸው ነው፦ የማይረባ፣ የማይገናኝ ወይም የሚያሳፍር ቢመስላችሁም አትዝለሉት። በባቡር መስኮት አጠገብ እንደተቀመጠ ተጓዥ ሁኑ፣ ውጭ የሚያልፈውን ውስጥ ላለው ሰው ንገሩት ይል ነበር። ወደ ዘጌ በጀልባ ስትሄዱም ያው ነው፤ ያያችሁትን መናገር ብቻ።

ሁለተኛው ለትርጉም መቸኮል ነው። እኛ ጎጃሞች ቅኔ ስንሰማ ሰሙ ሳያልቅ ወርቁን እንፈልጋለን፣ እዚህ ግን አይሠራም። እንደ ህልም ፍቺ "ዓሣ ማለት እንዲህ ነው" አትበሉ። ዓሣ ለአጥማጁ እንጀራ ነው፤ በልጅነቱ ሐይቁ ሊያሰምጠው ለነበረ ሰው ደግሞ ሌላ ነው። መጀመሪያ ይፍሰስ።

ዝምታንም ባዶ አድርጋችሁ አትዩት። ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ ዙሪክ ውስጥ የ100 ቃላት ዝርዝር ይዞ አንድ በአንድ እየጠራ፣ ሰውየው ለመመለስ የወሰደበትን ጊዜ በሰዓት ይለካ ነበር። መልሱ ሲዘገይ ቃሉ አንዳች ስሜት ነክቷል ማለት ነው ብሎ ያስብ ነበር። እኔም አሁን እስክሪብቶዬ በቆመበት ቦታ ነጥብ አደርጋለሁ።

ለግጥም የምትጠቀሙበት ካላችሁ፣ የፈሰሰው ጥሬ ዕቃ እንጂ ግጥም አይደለም። ማረሙ ነገ ይደርሳል።

ደግሞ የመጣላችሁ ትዝታ ሁሉ በእርግጥ የሆነ ነገር ነው ብላችሁ አትደምድሙ፤ ትዝታ ይሳሳታል። የሚያስጨንቅ ነገር ከወጣ ደብተሩን ዘግታችሁ ባለሙያ አነጋግሩ። ጓደኛን ቡና ላይ አስቀምጦ "እናት ስልህ ምን መጣልህ? ቶሎ በል!" ማለቱን ግን እባካችሁ ተዉት። አንዳንዱ ቃል ሲነካ ያማል፣ እናንተም ያን ጊዜ የምታደርጉት ይጠፋችኋል።