ስለ መካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ መኳንንት መበለቶች ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የመጀመሪያውና የከፋው ስህተት መበለቷ የባሏን ርስት ወረሰች ብሎ መጻፍ ነው። በእንግሊዝ ሕግ ወራሹ አብዛኛውን ጊዜ የበኩር ወንድ ልጅ ሲሆን፣ ለእርሷ የሚደርሳት እስከ ዕለተ ሞቷ የምትጠቀምበት፣ በተለምዶ የባሏ መሬት ሲሶ ነበር። ስትሞት ይህ መሬት ወደ ባሏ ወራሽ ስለሚመለስ ለሌላ ማውረስ አትችልም። ከራሷ ዘመዶች የወረሰችው ግን የራሷ ነው። ኢዛቤላ ደ ፎርቲቡስ የተባለች መበለት እ.ኤ.አ. በ1293 በሞት አፋፍ ላይ ሳለች የዋይትን ደሴት ለንጉሥ ኤድዋርድ አንደኛ በ6,000 ማርክ (የዘመኑ የገንዘብ መለኪያ) መሸጥ የቻለችው፣ ደሴቲቱ ከወንድሟ የወረሰቻት እንጂ ባሏ የተወላት ስላልነበረች ነው። ይህን ልዩነት ያልለየ ጸሐፊ የመበለቲቱን ሥልጣን ምንጭ ከነአካቴው ይስታል።

ሁለተኛው ስህተት የ1215ቱ ማግና ካርታ (ንጉሥ ጆን ለመኳንንቱ የሰጠው የመብት ሰነድ) መበለቶችን ነፃ አወጣ ብሎ መደምደም ነው። ሰነዱ መበለት ያለ ፈቃዷ እንዳትዳር፣ ድርሻዋም እስኪለይላት ድረስ 40 ቀን በባሏ ቤት እንድትቆይ ደንግጓል፤ ነገር ግን መሬቷን ከንጉሡ የያዘች ከሆነ ያለ እርሱ ፈቃድ ላለማግባት ዋስ መጥራት ነበረባት። ድንጋጌው ለምን እንዳስፈለገ የኦማሏ ሀዊስ የተባለች ባለ ርስት መበለት ታሪክ ያሳያል። ንጉሥ ሪቻርድ የመረጠላትን ባል አላገባም ብትል ንብረቷን ያዘባት፤ በመጨረሻም ተዳረች። ሦስተኛ ባሏ ሲሞት ደግሞ ርስቷንና ድርሻዋን ለማግኘትና ዳግም ላለመዳር ለንጉሥ ጆን 5,000 ማርክ ለመክፈል ተዋዋለች።

እናት በመሆኗ ብቻ የልጇ ሞግዚት ነበረች ብሎ ማሰብም ስህተት ነው። ለጌታ ወታደራዊ አገልግሎት በመስጠት የተያዘ መሬት ወራሽ ለአካለ መጠን ካልደረሰ ሞግዚትነቱ የዚያ የበላይ ጌታ መብት ነበር፤ ጌታውም ሊሸጠው ይችላል።

የመበለቷን ሕይወት ለቅሶና ጸሎት ብቻ አድርጎ መሳል በዘመኑ ከነበረው እውነታ ጋር ፈጽሞ አይገጥምም። የሊንከኑ ጳጳስ ሮበርት ግሮስቴስት ባሏ በ1240 ለሞተባት ለማርጋሬት ደ ላሲ በጻፈላት መመሪያ፣ በየዓመቱ በቅዱስ ሚካኤል በዓል (በእንግሊዝ ሴፕቴምበር 29) የእህሏ ልክ ሲታወቅ በየትኛው ርስት ስንት ሳምንት እንደምትቀመጥ እንድትወስን፣ ሕመምና ድካም ካልከለከላትም በአዳራሹ በሰዎቿ ፊት እንድትመገብ መክሯታል። ይህ የአስተዳዳሪ ሥራ ነው።

በመጨረሻም፣ ግንብ የጠበቀችን ሴት ከሥርዓቱ ውጭ እንደ ወጣች አድርጎ ማቅረብ አይገባም። መበለቷ ኒኮላ ደ ላ ሄይ በ1217 የሊንከንን ግንብ ከከበባ የተከላከለችው ከአባቷ በወረሰችው ኃላፊነት ነው። ንጉሥ ጆን የአውራጃው ሸሪፍ (የንጉሡ አስተዳዳሪ) አድርጎ ሾሟት ነበር፤ ከድሉ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግን ሹመቱ ለሳልዝበሪ መኮንን ተሰጠ፤ እርሷም ተሟግታ ግንቡን እስከ 1226 ድረስ ይዛ ቆየች።